የደብረ ሊባኖሱ «የፖርቹጋል ድልድይ» የማን ነው? ጥገናውስ በሲሚንቶ ይሁን?

ሰሌዳ አዘጋጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ሊባኖስ ገዳም መገንጠያ አጠገብ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ በጉር ወንዝ የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ የምታውቁ እርዱኝ። ለእንግዶች የሚቆም የማብራሪያ ሰሌዳ እያዘጋጀን ነው። አስጎብኚዎች «የፖርቹጋል ድልድይ» ይሉታል፣ የሰላሌ ሽማግሌዎች ደግሞ «የራስ ዳርጌ ድልድይ»። የትኛውን እንጻፍ? የሰጎን እንቁላል ከኖራ ጋር ተለውሶ ተሠራ የሚባለውስ እውነት ነው? በዚያው ላይ፣ ኖራው የለቀቀበትን ሁሉ በሲሚንቶ እንድፈነው የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ልባችን ስላልተቀበለው ነው የምንጠይቀው።

የሸዋ ታሪክ፦
«የራስ ዳርጌ ድልድይ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። ሽማግሌዎቹ ትክክል ናቸው።

ራስ ዳርጌ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የዐፄ ምኒልክ አጎት ናቸው። ሰላሌን የገዙት መቀመጫቸውን ፍቼ ላይ አድርገው ነበር፤ ያረፉት በ1892 ዓ.ም. ነው። ድልድዩም የተሠራው በእሳቸው ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ ወደ ገዳሙ የሚሄደውን ሰው ያግድ ነበር።

የፖርቹጋሉ ወሬ ከዘመኑ ጋር አይገጥምም። በ1533 ዓ.ም. ከፖርቹጋሉ የጦር አዛዥ ከክሪስቶቮ ዳ ጋማ ጋር የመጡት 400 ያህል ሰዎች ወታደሮች ናቸው፤ የተዋጉትም በትግራይና በጣና ዙሪያ ነው። ኋላ የመጡት የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ኢየሱሳውያን፣ የሠሩት በፍሬሞና፣ በጎርጎራና በጣና አካባቢ ሲሆን፣ ዐፄ ፋሲል በ1620ዎቹ አባረሯቸው። ደብረ ሊባኖስ ደግሞ በ1523 ዓ.ም. በግራኝ አህመድ ጦር ተቃጥሎ፣ የገዳሙ አለቆች እጨጌዎቹ በኋላ መቀመጫቸውን ጎንደር አጠገብ አዘዞ አድርገው ነበር። ገዳሙ በተፈታበት፣ የንጉሡም እጅ በራቀበት ዘመን እዚህ ገደል አፋፍ ላይ ኖራ አቃጥሎ፣ ድንጋይ ጠርቦ ድልድይ የሚሠራ ማን ነው?

ስሙ ከየት መጣ ካላችሁ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጢስ ዓባይ አጠገብ አላታ ላይ የተሠራው ድልድይ በእውነትም ከኢየሱሳውያኑ ጋር ይያያዛል። ከዚያ ወዲህ በኖራ የተገነባ ቅስት ሁሉ «የፖርቹጋል ሥራ» መባል ለመደ። ግማሽ ክብ ቅስት ግን በየዘመኑ ያው ግማሽ ክብ ነው፤ ቅርጹን ብቻ አይቶ ዘመን መናገር አይቻልም። ለራስ ዳርጌ የሚገባውን ምስጋና ለባዕድ መስጠት የሚያስቆጭ ነገር ነው፤ ሰሌዳው ይህን ያርም።

ኖራ አቃጣይ፦
የእንቁላሉን ነገር በስሌት እንየው። ባልተጠረበ ድንጋይ በሚሠራ ግንብ ውስጥ ከጠቅላላው ሲሶ ያህሉ ማያያዣ ነው፤ ማለትም 3 ሜትር ኩብ ግንብ 1 ሜትር ኩብ ያህል የኖራ ልቁጥ ይበላል። የዚያ ክብደት ከ1,700 ኪሎ አያንስም። የሰጎን እንቁላል አንዱ 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከልቁጡ መቶኛ እጅ ብቻ እንቁላል ይሁን ብንል እንኳ ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 12 እንቁላል ያስፈልጋል። ሰጎን የቆላ ወፍ ናት፤ ሰላሌ ደጋ ላይ ይህን ያህል ከየት ይገኛል? ቅርፊቱ ደግሞ ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ፣ ሳይቃጠል ከገባ ከአሸዋ የተለየ ሥራ የለውም። ነጩ ክፍል ልቁጡን ትንሽ ያጣብቀዋል፤ ለጌጥ ሥራ እሺ፣ ለድልድይ ግን አያስፈልግም። ሰሌዳው ላይ መግባቱ ካልቀረ «ተብሎ ይነገራል» በሉት።

እንቁላል ሳያስፈልግ፣ የኖራ ድንጋይ በጀማና በሙገር ሸለቆ ሞልቷል፤ ዛሬ የሙገር ሲሚንቶ የሚፈጨው እሱኑ ነው። በ900 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል ከ100 ኪሎ ንጹሕ ድንጋይ 56 ኪሎ ኖራ ይወጣል፤ ቀሪው በአየር ይሄዳል።

አሮጌ የኖራ ልቁጥ ለማወቅ ደግሞ የወደቀ ቁራሽ አንሱና በምስማር ጫሩት። የኖራው በቀላሉ ይጫራል፣ ውስጡ ጥፍር የሚያክሉ ነጫጭ ፍሬዎች ይታያሉ፤ እነሱ በደንብ ያልተዋሐደ ኖራ ናቸው። አልፎ አልፎ ከምድጃው የመጣ ከሰል ይገኝበታል። ሲሚንቶ ግራጫ ነው፣ ምስማሩን ይመልሳል። ሎሚ ጨምቆ መፈተን ግን አይረዳም፤ ሁለቱም አረፋ ይላሉ። ከሰሉን በቤተ ሙከራ ዕድሜውን አስለካለሁ የሚል ካለም፣ ከ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ላለው ዘመን የካርቦን ልኬት ውጤቱ በጣም ሰፊ ስለሚሆን ብዙ አይጠቅመውም። ለዚያ ተብሎ ግንቡ አይፋቅ።

ግንበኛ፦
በሲሚንቶ እንዳትነኩት። ቅስት በመጠኑ ይንቀሳቀሳል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሸበሸባል። ኖራ አብሮት ይሄዳል። ሲሚንቶ አይሄድም፣ ድንጋዩን ይሰብራል። ይበልጥ የሚጎዳው ግን ውሃው ነው። ከላይ የገባው ዝናብ በማያያዣው በኩል ተንኖ መውጣት አለበት። ፊቱ በሲሚንቶ ሲደፈን ውሃው በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ በሁለትና ሦስት ክረምት ውስጥ የድንጋዩ ፊት እንደ ቅርፊት መላጥ ይጀምራል፣ ሲሚንቶው ግን ሳይነቃነቅ ጠርዙን ይዞ ቆሞ ታዩታላችሁ።

ስቲላቱራው፣ ማለት በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት በልቁጥ መሙላቱ፣ እንዲህ ይሠራ። የላላውን ብቻ በቀጭን መሮና በመዶሻ አውጡ፤ ግራይንደር አይግባ፣ የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል። ጥልቀቱ የክፍተቱን ስፋት ሁለት ጊዜ ተኩል ይሁን፤ 2 ሳንቲ ክፍተት ካለ 5 ሳንቲ ማለት ነው። አቧራውን በብሩሽ አውጥታችሁ ከመሙላታችሁ በፊት አጠጡት፣ ደረቅ ድንጋይ የኖራውን ውሃ መጥጦ ዱቄት ያደርገዋል። ልኩ 1 እጅ የቆየ የኖራ ሊጥ ለ3 እጅ አሸዋ ነው፤ አሸዋው ታጥቦ ደቃቁም ሻካራውም የተቀላቀለበት ይሁን። ሊጡ ውሃ ጠጥቶ ከፈላ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ተሸፍኖ ይቀመጥ፣ ሦስት ወር ቢሆን ይመረጣል። ልቁጡ ከማንኪያ ላይ ሲገለበጥ የማይወድቅ፣ ደረቅ ያለ ይሁን። ጥልቅ ክፍተት ባንድ ጊዜ አይሞላም፤ በ2 ሳንቲ 2 ሳንቲ እየጠቀጠቃችሁ አሳድሩት። ከዚያ እርጥብ ጆንያ ከልላችሁ ቢያንስ አንድ ሳምንት አርጥቡት። ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ክረምት ሳይደርስ አየር ይጠጣ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ስላለ ማታ ማታ ጆንያውን ደርቡበት።

መንገድ ሥራ፦
በአንድ ነገር አልስማማም። ውሃ የሚነካው የእግሩ ክፍል ላይ ንጹሕ ኖራ አይይዝም፤ አየር ካላገኘ አይደርቅም። እዚያ ትንሽ ሲሚንቶ፣ 1 ሲሚንቶ ለ1 ኖራ ለ6 አሸዋ ቢገባ ምን ይጎዳል?

ግንበኛ፦
አየር ካላገኘ አይደርቅም ያሉት ትክክል ነው፤ መፍትሔው ግን ሲሚንቶ አይደለም። በደንብ የተቃጠለ የሸክላ ጡብ ፈጭታችሁ፣ በዱቄት ወንፊት ነፍታችሁ፣ ለ1 እጅ ኖራ ግማሽ እጅ ጨምሩ። ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣ የተፈጨ ፑሚስም (ቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ያው ነው። ከኖራ ጋር ተዋህዶ ውሃ ውስጥም ይጠነክራል፣ ድንጋዩን ግን አይበልጠውም። መጀመሪያ በተለየ ድንጋይ ላይ ሞክራችሁ አንድ ወር ጠብቁት።

መንገድ ሥራ፦
ይህ ያስማማል። እንግዲያው ቅደም ተከተሉን ላንሳ፤ ብዙ ጥገና የሚበላሸው ከፊት ጌጥ ስለሚጀመር ነው። መጀመሪያ እግሩን እዩ። በበጋ ውሃው ሲጎድል በእያንዳንዱ እግር ዙሪያ በዘንግ ነካኩ፤ ዘንጉ ከግንቡ ሥር ከገባ ጎርፍ መሠረቱን እየቦረቦረ ነው። ያ ሳይሞላ ላይ ላዩን ማሳመር ገንዘብ ማባከን ነው። ቀጥሎ የድልድዩ ጀርባ፤ ውሃ የሚቆምበት ጎድጓዳ ካለ፣ በሸክላ አፈርና በኖራ ደልድላችሁ ወደ ዳር ተዳፋት ስጡት። ዋርካና ሾላ ከበቀለ ከሥሩ አትንቀሉ፣ ሥሩ ድንጋዩን አቅፎ ስለያዘ አብሮት ይወጣል። ከግንዱ ቆርጣችሁ ደጋግማችሁ በመመልመል አድርቁት፣ የደረቀው ሥር ያለበትን ክፍተት በኋላ በኖራ ሙሉት።

ስንጥቅም ዓይነት አለው። በቅስቱና በላዩ ባለው የጎን ግድግዳ መካከል ቁመቱን ይዞ የሚሄድ ስንጥቅ፣ ውስጡ ያለው አፈር ውሃ ጠጥቶ ግድግዳውን ወደ ውጭ እየገፋ ነው ማለት ነው። ቅስቱን ከጎን ወደ ጎን የሚያቋርጥ ከሆነ ወይም የመሐሉ ቁልፍ ድንጋይ ዝቅ ካለ ደግሞ፣ እግሩ ሰጥሟል ወይም ዳሩ ተገፍቷል። ስንጥቁ ላይ ስስ የጀሶ ድልድይ አድርጋችሁ ቀኑን ጻፉበት፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ ግንቡ እየሄደ ነው። የላላ የቅስት ድንጋይ በምንም ምክንያት አይነቀል። ከሥር በካሳፎርማ (በእንጨት ድጋፍ) ሳይደገፍ አንድ ድንጋይ ከወጣ ግፊቱ የሚያርፍበት ያጣል፤ የአንዱ ቅስት መውደቅ ደግሞ የጎረቤቱን እግር ወደ ባዶው በኩል ይገፋል።

ይህ ሁሉ ያለ ፈቃድ አይጀመርም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የሚጠገነው በቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ነው። የየቅስቱን ፎቶ ከሁለቱም ጎን አንስታችሁ፣ ስንጥቁን በንድፍ አስፍራችሁ፣ በወረዳው ባህልና ቱሪዝም በኩል አቅርቡ። እስኪፈቀድ ድረስ የበቀለውን መመልመልና የጀሶ ምልክት ማድረግ እንደሚቻል እዚያው ጠይቁ፤ የዚህን ክረምት ንባብ ካላገኛችሁ የሚቀጥለውን መጠበቅ ሊኖርባችሁ ነው።