ሳውዲ ለምትሄድ ክርስቲያን እኅት፦ ስም፣ ማተብና ጸሎት

ጥያቄ (ከማራኪ)
ታናሽ እኅቴ ለቤት ሠራተኝነት ሳውዲ ልትሄድ ነው። ደላላው «ጽጌ የሚለው ቀርቶ ዘሃራ ተብሎ ፓስፖርት ይውጣ፣ ሻርፕ አድርጋ ፎቶ ትነሣ» ይላል። እሷ ማተቧን አልበጥስም ብላለች። ምን ይዛ ትሂድ? ሃይማኖትሽን ለውጪ ቢሏትስ ምን ታድርግ?

የአዘዞው
ወንድሜ፣ ማተቡ ይቆይና መጀመሪያ የስሙን ነገር ጨርሱ፤ ትልቁ አደጋ እሱ ነው። የሳውዲ መኖሪያ ፈቃድ (ኢቃማ) ላይ ሃይማኖት ይጻፋል። ሙስሊም ተብላ ከተመዘገበች በነሱ ሕግ ሙስሊም ናት። ከዚያ በኋላ ስታማትብ ብትታይ እስልምናን እንደተወች ይቆጠራል፤ ይህ ደግሞ እዚያ እስከ ሞት የሚያስቀጣ ክስ ነው። ክርስቲያን ተብላ ብትገባ ግን ክርስትናዋ ብቻውን አያስከስሳትም። በሐሰት ስም ከሄደች ብትታመም ወይም ብትታሰር ቤተሰብ በምን ስም ይጠይቃታል?
ውሉ ላይ የሥራውን ከተማም እዩ። መካ ከሆነ ይቅርባችሁ። ሙስሊም ያልሆነ ሰው መካ መግባት አይፈቀድለትም፤ ለክርስቲያን መካ ሥራ አገኘሁ የሚል ደላላ ሃይማኖቷን በወረቀት ሊቀይር ነው።

ፒያሳ
ማተቡን በጥሳ ትሂድ ባይ ነኝ፣ ነገር አታብዙ። አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ለራሷ ብትይዝ ብዙ ጊዜ አይነኳትም፤ ሦስት አራት ከሆነ ግን ልታድል ነው ያሰኛል። ሥዕለ አድኅኖ አትያዝ። ዳዊቱንና ውዳሴ ማርያሙን ስልኳ ላይ ጭና በጆሮ ማዳመጫ ትስማ። የዋትስአፕ ፎቶዋ መስቀል አይሁን፣ አሠሪዎች ስልክ ይፈትሻሉ። በሃይማኖት ክርክር ፈጽሞ አትግባ፤ ነቢዩን ሰደበች መባል ብቻውን ያሳስራል።

ዘቁስቋም
ማተብ መበጠስ ምን አመጣው? ክሩን ረዘም አድርጋ ብታስር ከአንገትጌ በታች ይውላል፣ መስቀሉን እቤት ትተወው። መሸፈን ክህደት አይደለም፤ ጌታም ሲያሳድዷችሁ ሽሹ ብሏል። ክርስቲያን ነሽ ወይ ብለው በቀጥታ ሲጠይቋት ግን መዋሸት የለባትም፤ «አና መሲሒያ» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለስ፣ ማብራሪያ አትጨምር። አብዛኛው ጫና የሚመጣው በሳቅ ነው፦ «ሸሃዳውን (የእስልምናን የእምነት ቃል) በይው፣ ደመወዝ እንጨምርሻለን»። በቀልድም ቢሆን አትበለው፤ አንዴ ካለችው ሰለመች ይባላል፣ መመለሻ የለውም። ያላነበበችው የዓረብኛ ወረቀት ላይም አትፈርም።
በረመዳን ቀን ቀን ሰው ፊት አትብላ፣ ውኃም ቢሆን። ሳትሄድ ንስሐ ገብታ ትቁረብ። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን በሰው ቤት እንዴት እንደምትይዝ ከንስሐ አባቷ ጋር ትጨርስ፤ ሥጋ ብቻ በሚበላበት ቤት ይህ ቀላል አይደለም።

የአዘዞው
የማኅበር ጸሎት ሲጠሯት ትጠንቀቅ። ታኅሣሥ 2004 ጅዳ ውስጥ በግል ቤት ሲጸልዩ 35 ኢትዮጵያውያን ተይዘዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። አንዱ ክስ ወንድና ሴት አብራችሁ ተገኛችሁ የሚል ነበር፤ ከወራት እስር በኋላ ወደ አገር ተባረሩ። ስለዚህ ሁለት ሦስት ሴቶች ሆነው፣ ያለ ከበሮና ያለ ጭብጨባ፣ አድራሻ በስልክ ሳይላላኩ።

ጠያቂው
ካስገደዷትስ? ትጥፋ?

ፒያሳ
ዝም ብላ አትጥፋ። አሠሪው «ሁሩብ» (ከሥራ ጠፍታለች) ብሎ ካመለከተ ሕገ ወጥ ትሆንና ተበዳይዋ ራሷ ትታሰራለች። መጀመሪያ ለኤጀንሲው፣ ከዚያ ሪያድ ላለው ኤምባሲ ወይም ጅዳ ላለው ቆንስላ ትደውል። ዱላ ወይም የሕይወት አደጋ ካለ ግን ይህ ሁሉ ይቅር፣ ትውጣ። ስልክ ስለሚነጠቅ ቁጥሮቹ በእጅ ተጽፈው ልብሷ ውስጥ ይሰፉ። የፓስፖርት፣ የቪዛና የውል ኮፒ፣ የአሠሪው ሙሉ ስምና ስልክ ጎንደር እናንተ ጋ ይቅር።

ጠያቂው
ደላላው ወረቀቱ ካስቸገረ በመተማ ሱዳን፣ ከዚያ ሊቢያ ይላል።

ዘቁስቋም
በጭራሽ! ሚያዝያ 2007 ሊቢያ ላይ በክርስትናቸው የታረዱት ወንድሞቻችን ስደተኞች ነበሩ። ምርጫ ካላት ሳውዲን ትታ ኩዌት ወይም ኤምሬትስ ትጠይቅ፤ እዚያ ቤተ ክርስቲያን በይፋ አለ። ዕረፍት ቀኗ ግን ውሉ ላይ ይጻፍ፣ ካልተጻፈ ቤተ ክርስቲያኑን በሩቁ ነው የምትሰማው።