ከፍ የተደረገ ፒክአፕ ሰው ጭኖ ሐረጎን ይውረድ ወይስ ይከልከል?

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ የሚኖሩ አንዲት እናታችን ያነሱትን ጉዳይ ዛሬ ለክርክር አቅርበነዋል። ባሌስትራው ወይም ሞላው ተቀይሮ ከመሬት ከፍ የተደረገ ፎር ዊል መኪና ሰው እንዳይጭን ይከልከል ወይ? ስድብ የለም፤ የማንም ታርጋ አይጻፍ።

እናት ከኮምቦልቻ፦ እኔ መኪና አላውቅም፤ የደረሰብኝን ግን አውቃለሁ። ከልጄ ልጅ ጋር ከደሴ ስንመለስ ያሳፈረን ፒክአፕ ላይ ለመውጣት እንኳ ሰው ደግፎኝ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ቁልቁለት፣ ሐረጎ ላይ፣ ከአንዱ ጥምዝ ወደ ሌላው ሲዞር መኪናው ወደ ጎን ይተኛና ቆይቶ ነው ቀና የሚለው። «ቀስ በል ልጄ» ብለው «አብሽሪ እማማ፣ ከፍ ስላለ ነው» አለኝ። እኔን ያስፈራኝ እኮ እሱው ከፍ ማለቱ ነው። ልጁን እስከ ኮምቦልቻ አቅፌው ወረድኩ። ቦሎ ሲለጠፍለት ማን አየው? ሰው የሚጭን ከሆነ ይከልከል።

የተንታ መስመር ሹፌር፦ እማማ፣ ድንጋጤዎ ይገባኛል። ግን ሐረጎ አስፋልት ነው፤ በእሱ ብቻ አይፍረዱብን። ከኩታበር ወዲያ ወደ በሽሎ ወርደው፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥለው ወደ ቀበሌዎቹ ሲገቡ፣ ክረምት ላይ ጎርፉ የጎማውን መስመር ይቆፍረውና መሐል የቀረው ድንጋይ ሆድ ይመታል። ምጥ የያዛት ሴት ከኋላ ተኝታ፣ መኪናዬ በሆዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀርቷል። የአካባቢው ሰው በእንጨት ፈንቅሎ ነው ያወጣን። አሥር ሳንቲ ያስነሳሁት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ይከልከል ስትሉ ያቺን ሴት ማን ያድርሳት?

መካኒክ ከደሴ፦ ሁለታችሁም እውነት ይዛችኋል፤ ግን ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። መኪናውን ከፍ ማድረግ አንድ ነገር ነው፣ ጎማው ወደ ታችና ወደ ላይ የሚሄድበትን ርቀት መጨመር ሌላ ነገር ነው። እኛ ዘንድ አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ከፍሎ ሁለተኛውን ያገኘ ይመስለዋል።

ባሌስትራ የተደራረቡ የብረት ቅጠሎች ነው፤ ቅጠል ሲጨመርበት መኪናው ከፍ ይላል፣ ግን ይደነድናል። የደነደነ ባሌስትራ ጎማውን ወደ ጉድጓዱ አያወርደውም። ጎማው አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው) መቆለፊያ ከሌለው ደግሞ የተንጠለጠለው ጎማ ብቻውን ይዞራል፤ ያኛው ዝም ይላል። የቆዩት ፋይቭ ኤል የቶዮታ ፒክአፖች ፊታቸው በቶርሽን ባር፣ ማለትም እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ በሚሠራ ዘንግ ነው። ቡሎኑን አጥብቆ ማንሳት ቀላል ነው፤ ነገር ግን የጎማው ጠቅላላ ጉዞ አይጨምርም። ወደ ታች ከሚሄድበት ተቀንሶ ወደ ላይ ይሰጠዋል።

ሌላው፣ አክስልና (ጎማዎቹን የሚያገናኘው) ባሌስትራ መሐል ብረት ቢገባ ሻንሲው (የመኪናው አጽም) ይነሳል እንጂ ዲፈረንሻሉ እዚያው ነው። ድንጋይ የሚመታውን ዲፈረንሻል የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው፤ ከ31 ኢንች ወደ 33 ብትሄድ የምታገኘው 2.5 ሳንቲ ነው። ወንድሜ፣ አንተ አሥሩን ሳንቲ በምን አገኘኸው?

የተንታ መስመር ሹፌር፦ ከኋላ በተበየደ ብረት፣ ከፊት ቶርሽን ባሩን በማጥበቅ። ጎማው የድሮው ነው። ሆዴ አሁን አይነካም፤ ዲፈረንሻሉ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ አሁንም አልፎ አልፎ ይመታል።

የፊዚክስ መምህር፦ እናታችን ስለፈሩት መተኛት ትንሽ ሒሳብ ልጨምር። መኪና ወደ ጎን ለመገልበጥ ያለው ቅርበት የሚለካው የግራና የቀኝ ጎማው ርቀት እኩሌታ ለክብደት ማዕከሉ ከፍታ ተካፍሎ ነው። ጎማዎቹ 1.50 ሜትር የሚራራቁ፣ የክብደት ማዕከሉ 0.75 ሜትር ላይ ያለ፣ 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና እናስብ። ቁጥሩ 1.0 ይሆናል። አሥር ሳንቲ ሲነሳ አክስልና ጎማው ስለማይነሱ ማዕከሉ ስምንት ሳንቲ ያህል ከፍ አለ እንበል፤ ቁጥሩ ወደ 0.90 ይወርዳል። አሁን መኪናውን ሳታነሱት ሦስት ኩንታል ጣሪያ ላይ፣ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ እሰሩ፤ 0.82 ይሆናል። ሁለቱን ስትደርቡ፣ ጣሪያውም አብሮ ስለሚነሳ፣ 0.75 ገደማ ነው። ቁጥሩ በወረደ ቁጥር በዝቅተኛ ፍጥነት ይገለበጣል። ስለዚህ የተነሳውን ከልክለን ጣሪያው ላይ ጤፍ የከመረውን ብናሳልፍ የባሰውን ነው ያሳለፍነው።

የጃማ መስመር ሹፌር፦ መምህር ልክ ነዎት። እኛ ጋ ደጎሎ አካባቢ መሬቱ መረሬ ነው፤ ሲረጥብ ቁመት አያድንም፣ ጎማና ትዕግሥት ነው። ከጣሪያ ላይ ጭነት ካወረድኩ ወዲህ መኪናዬ ጥምዝ ላይ ሌላ ሆኗል።

እናት ከኮምቦልቻ፦ እኔን ያሳፈረኝም ጣሪያው ላይ ጭነት ነበረው። ግን ልጆቼ፣ እኔ ቆሜ ስጠብቅ ጥሩውን ከመጥፎው በምን ለይቼ ልሳፈር?

መካኒክ ከደሴ፦ እማማ፣ እርስዎ ሊለዩት አይችሉም፤ ሥራው የመርማሪው ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከመገልበጡ በላይ ፍሬኑ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል። ብዙ ፒክአፖች ከኋላ አክስል ወደ ሻንሲ የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አላቸው፤ ከዘንጉ ጋር የተያያዘው የጭነቱን መጠን እየለካ ለኋላ ፍሬን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ ነው። መኪናው ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይቀርባል፣ ቫልቩም የኋላውን ፍሬን ያጠነክራል። ሻንሲውን አሥር ሳንቲ አንስታችሁ ዘንጉን ካላስተካከላችሁ ቫልቩ መኪናው ሁልጊዜ ባዶ ይመስለዋል። አሥር ሰው ጭናችሁ ትወርዳላችሁ፣ የኋላው ፍሬን ግን ባዶ እንደሆነ ነው የሚይዘው፤ የፊቱ ብቻውን ይግላል። እንዳልኩት ከ31 ወደ 33 ኢንች ጎማ ከተቀየረበት ደግሞ በማርሽ መያዙም ይደክማል፣ የፍጥነት ቆጣሪውም 60 ሲል በእውነት 64 ገደማ ነው።

የፍሬን ጎማ ቱቦም አለ። መኪናው በሻንሲው ተነስቶ ጎማዎቹ እስከ መጨረሻ ተንጠልጥለው መታየት አለበት። ቱቦው ከተወጠረ አንድ ቀን ጉድጓድ ላይ ይበጠሳል። አሞርዛተሩ (ንጠቱን የሚያበርደው) አጭር ከሆነ ደግሞ ጎማውን አንጠልጥሎ የሚይዘው እሱ ይሆናል፤ ለዚያ አልተሠራም።

ስለዚህ የኔ አቋም፦ በተበየደ ብረት የተነሳ መኪና ሰው አይጫን። በረጅምና ለስላሳ ባሌስትራ፣ በልኩ አሞርዛተርና ቱቦ የተሠራ፣ ቫልቩም የተስተካከለለት ይጫን።

የተንታ መስመር ሹፌር፦ ይኼን ቫልቭ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሁለት ዓመት ነድቻለሁ። ሐረጎ ታች ስደርስ የፊት ጎማዬ ሲሸት «ቁልቁለት ስለሆነ ነው» እያልኩ ነበር። ግን በክልከላው አሁንም አልስማማም። መንገዱ ሳይሠራ መኪናውን መከልከል ገጠሩን መከልከል ነው። በተጨማሪም፣ መካኒክ፣ አንተ የምትለው ባሌስትራ ዋጋው ለኔ ቢጤ ከባድ ነው።

የፊዚክስ መምህር፦ ዋጋውን አልክድም። ሆኖም ምርመራው አዲስ ሕግ የሚጠይቅ አይመስለኝም። ተሽከርካሪን ለመለየት፣ ለመመርመርና ለመመዝገብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለ። መርማሪው መኪናውን በሻንሲው አንስቶ ቱቦውንና ዘንጉን ቢያይ የሚወስድበት ጥቂት ደቂቃ ነው።

እናት ከኮምቦልቻ፦ እንግዲያው ሐሳቤን ላስተካክል። ሁሉም ይከልከል ማለቴን ትቻለሁ፤ ያቺ ምጥ የያዛት ልጅ አሳዘነችኝ። ፍሬኑ ያልታየ ግን ሰው አይጫን። ከዚህ አልወርድም። አንተ ልጄ፣ እስክታሳይ ድረስ ሰው አትጫን፤ እንደ እናትህ እለምንሃለሁ።

የተንታ መስመር ሹፌር፦ እሺ እማማ። መካኒክ፣ የት ልምጣ?

መካኒክ ከደሴ፦ በውስጥ መስመር እጽፍልሃለሁ። ሐሙስ ጠዋት ና። ባዶ እንዳትመጣ፤ የምትጭነውን ያህል አሸዋ በጆንያ ጫንና ቀስ ብለህ ና። ዘንጉን የማስተካክለው በጭነት አይቼ ነው።