ሰንጢን ባህላዊ የሚያሰኘው ምኑ ነው?

የሽምብጡ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከአጎቴ ጋር ሳምንት ሙሉ የተከራከርንበትን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ከአያቴ የወረስኩት ሰንጢ አለኝ። እጀታው የበሬ ቀንድ ነው፤ ስለቱ ከመሳል ብዛት ግማሹ አልቆ እንደ ሸምበቆ ቅጠል ቀጥኗል። መቆለፊያ የለውም፤ ተከፍቶ የሚቆመው ከጀርባው ባለው ሞላ ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ቀረሶ ዓሣ ስበልት ጫፉ አጥንት ላይ ተያዘብኝ፤ ገፋ ሳደርገው ታጠፈና ሌባ ጣቴን ቆረጠኝ። በአራት ስፌት ነው የተዘጋው።

ያን ጊዜ እህቴ ከፈረንሳይ ያመጣችልኝ 8 ቁጥር ኦፒኔል የተባለ ሰንጢ ትዝ አለኝ። እጀታው እንጨት፣ ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንገቱ ላይ ያለውን ቀለበት ካዞርከው ስለቱ ንቅንቅ አይልም። ከሁለቱ አንዱን ለወንድሜ ልጅ ልሰጠው አስቤያለሁ። አጎቴ ግን «ልጁ ባህላዊውን ይያዝ፤ መቆለፊያ የገባበት ሰንጢ ባህላዊ አይደለም» ብሎ ድርቅ አለ። እውነት መለኪያው መቆለፊያ ነው?

ባለሞረድ፦
እግዜር ይማርህ። አጎትህ ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም። ሰንጢ በሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ የተለመደው መለኪያ ይኸው ነው፦ በሁለት እጅ የሚከፈት፣ ስለቱ ላይ ጥፍር ማስገቢያ ጭረት ያለው፣ በሞላ የሚቆም፣ እጀታው ቀንድ፣ አጥንት ወይም እንጨት ሆኖ በተቀጠቀጠ ሚስማር የተያያዘ። በአንድ እጅ አውራ ጣት የሚከፈተውና ኪስ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለው ዓይነት በፈረንጆቹ ከ1980ዎቹ ወዲህ የተስፋፋ ነው። እኔ በአጎትህ ወገን ነኝ።

የዘጌ ልጅ፦
ባለሞረድ፣ ሌላውን እቀበላለሁ፤ መቆለፊያው ላይ ግን አልስማማም። የስፔኑ ናቫኻ ሲከፈት ጥርሱ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚቆለፍ ዓይነት አለው፤ ከናቫኻ የበለጠ ባህላዊ ሰንጢ ከየት ይመጣል? ኦፒኔልም በ1890 ሲጀመር ቀለበት አልነበረውም፤ በ1955 ነው የተጨመረለት። የጃፓኑ ሂጎኖካሚ ደግሞ ሞላም መቆለፊያም የለውም፤ ከስለቱ ኋላ ብቅ ያለችውን ምላስ በአውራ ጣትህ ተጭነህ ነው የምትሠራበት። እሱንስ ምን ልንለው ነው?

እኔ የማየው ሲበላሽ በሰፈር ሰው እጅ መጠገኑን ነው። የአባቴ ሰንጢ እጀታ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ጠጋኙ ቀንዱን ቀቅሎ ሲለሰልስለት በሁለት ጣውላ መሃል ጠፍሮ ያስረዋል፤ ሲቀዘቅዝ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ይሞርደዋል፣ ይበሳዋል፣ ሚስማር አግብቶ ጫፉን ይቀጠቅጠዋል። ቀንድ ሲሞረድ የሚሸተው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።

ደግሞ ሞላህን እይ። ስለቱን እስከ ግማሽ ከፍተህ ልቀቀው፤ በራሱ ከወደቀ ላልቷል። ለዓሣ ግን የማይታጠፍ ቢላዋ ያዝ፣ ወንድሜ።

የሽምብጡ፦
እንዳልከው ለቀቅሁት፤ በራሱ ወደቀ። ዛሬ ቀጥቃጭ ዘንድ ወሰድኩት። ሚስማሩን ሲያወጣው የቆርቆሮ ሚስማር ተቆርጦ ኖሯል። የአያቴ ሥራ ለመሆኑ አልጠራጠርም፤ የቤቱን ክዳን የመታው በዚሁ ዓይነት ሚስማር ነው። ከሞላው ሥር የዓሣ ቅርፊትና ዝገት ተጠቅጥቋል። ሰውዬው ጠርጎ፣ ዘይት አስነክቶ፣ በአዲስ ሚስማር አጠበቀው። አሮጌው ኪሴ ውስጥ ነው። አሁን ሲከፈት ጠቅ ይላል።

ስለ ናቫኻው ለአጎቴ ነገርኩት። ምንም ሳይል ኦፒኔሉን አገላብጦ አየና ብርቱካን ላጠበት። ልጁ የመረጠው የቅድመ አያቱን ነው። ሞላው ግን ጠንክሮ ጥፍሩ ሊከፍተው አልቻለም፤ እስኪችለው ድረስ እኔ ጋ ይቆያል።