የትልልቅ ስፒከሮች የቤት ሙከራ፦ ረቂቅ 3

ሰብሳቢ፦ ለስፒከር ሻጮች ማኅበራችን አባላት፣ ረቂቅ 3 ይኸው። ዋናው ሐሳብ አልተነካም። ትልቅ ስፒከር ለመግዛት ያሰበ ደንበኛ ከመግዛቱ በፊት ቤቱ ድረስ እናደርስለታለን፤ 7 ቀን ያዳምጣል። መያዣ ያስይዛል። ከገዛ ከዋጋው ላይ ይታሰብለታል፤ ካልገዛ የማመላለሻው ተቀንሶ ይመለስለታል። ለማሳያ የሚሆኑትን የስፒከር ጥንዶች ከየሱቃችን እናዋጣለን። አምና በተመለሱት ዕቃዎች የደረሰብንን ኪሳራ ስለምታውቁት አልደግመውም። እስከ ዓርብ ሐሳባችሁን ጻፉ።

ጥልቅ ባስ፦ እደግፋለሁ። የኔ ማሳያ ክፍል 9 ሜትር ነው። እዚያ ሰምቶ የወደደው ሰው 5 ሜትር ሳሎን ውስጥ ሲያቆመው ባሱ ያጓራበታል። 5 ሜትር በሚራራቁ ሁለት ግድግዳዎች መካከል 34 ኸርዝ አካባቢ ያለው በጣም ወፍራም ድምፅ እየተመላለሰ ያብጣል። ጥፋቱ የክፍሉ ነው፤ ተመልሶ የሚመጣብኝ ግን ስፒከሩ ነው። ቀድሞ ቤቱ ቢሰማው ግማሹ ጣጣ ይቀርልናል።

ባለ ቫን፦ እኔም አለሁበት። መኪናዬን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በነፃ እሰጣለሁ፤ ነዳጁን ብቻ ቻሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ ተባረክ። የሚቀረው የሰው ጉልበት ነው። የጥልቅ ባስ ስፒከር አንዱ ብቻ 110 ኪሎ ነው። ደረጃ ካለ አራት ሰው ይፈልጋል፤ ለመውሰድም ለመመለስም። «የማመላለሻው ተቀንሶ» ሲባል ይህ ሁሉ ገብቷል? ካልገባ ከካዝና ሊወጣ ነው፤ ካዝናው ደግሞ አይችለውም።

ጠጋኙ፦ አንድ ነገር ብቻ። ስፒከሩ የሚቆምባቸው ሹል የብረት እግሮች ይገጠማሉ ወይስ አይገጠሙም? ረቂቁ ምንም አይልም።

ጥልቅ ባስ፦ ይገጠማሉ እንጂ! ፋብሪካው አብሮ የሚልካቸው ለምን ሆነና?

ጠጋኙ፦ ለምንጣፍ ነዋ። ሹሉ ምንጣፉን አልፎ ደረቁን ወለል ይነካል፤ ስፒከሩም አይወዛወዝም። ፓርኬ ላይ ግን 110 ኪሎ ለአራት ሲካፈል 27 ኪሎ ተኩል በምስማር ጫፍ ላይ አቆምክ ማለት ነው። እኔ ደርሶብኛል። ከሙከራ ስናነሣው ወለሉ ላይ አራት ጉድጓድ ቀረ፤ ገፋ ያደረግንበት ቦታ ደግሞ አንድ ክንድ የሚሆን ጭረት። የቤቱ እመቤት በርከክ ብለው ጭረቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። ወለሉን ከኪሴ አሳድሼ መያዣቸውንም ሳልነካ መለስኩ።

ጥልቅ ባስ፦ ከሹሉ ሥር የብረት ሳህን ይደረጋል። ያለቀ ነገር ነው።

ጠጋኙ፦ ሳህንማ ነበረው። አንዱ ሲንሸራተት ነው ጭረቱ የመጣው። 110 ኪሎ በአራት ትንንሽ ሳህን ላይ እኩል አሳርፈህ ታውቃለህ? የጎማ እግር ይሁን።

ጥልቅ ባስ፦ የኔን ዕቃ በጎማ አቁማችሁ ለሰው አታሰሙም። ሹሉ ሲወጣ ቁመቱ 4 ሳንቲሜትር ይወርዳል። ትዊተሩ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል፣ ከአድማጩ ጆሮ ጋር እንዲገጥም ተለክቶ የተሠራ ነው። ይህን ስፒከር ለመሸጥ ፋብሪካውን 6 ዓመት ነው የለመንኩት፤ ስሙን በአንድ ሳምንት አላስጠፋም።

ባለ አምፖሉ፦ ችግሩ ቁመት ከሆነ ያንኑ ያህል ቁመት ያለው ጎማ ይገባል። ድምፅ ከሆነ ደግሞ በመጋረጃ ጀርባ እንሞክረው። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳዩት ይኸንኑ ነው፤ ሰሚዎቹ ስፒከሩን እያዩ የሰጡት ነጥብና ሳያዩ የሰጡት አንድ አልሆነም።

ጥልቅ ባስ፦ ውሸታም ልትለኝ ከሆነ በግልጽ በለው።

ባለ አምፖሉ፦ አላልኩም። ጆሮ ይታለላል፣ የኔም ጭምር ነው ያልኩት።

ጥልቅ ባስ፦ እንግዲያው ጥንዴን ከዝርዝሩ አውጡልኝ።

ሰብሳቢ፦ ኧረ ቀስ በሉ! ከትናንት ጀምሮ የተጻፈው ሁሉ ስለ እግር ነው። የመያዣው መጠን አልተወሰነም፤ ኢንሹራንሱ ገና አልተነሣም።

ገንዘብ ያዥ፦ የቫኑስ ነገር? ሁለት ጊዜ ደወልኩለት፣ አያነሣም።

አዲሷ አባል፦ ወለሉን ትቼ ወደ ጆሮ ልመለስ። ደንበኛው ቤት ያለው ስፒከር በእኩል ዋት የሚጮኸው 86 ዲሲቤል ነው እንበል፤ የኛ 91። የድሮው የኛን ያህል እንዲጮኽ ከሦስት እጥፍ በላይ ዋት ይፈልጋል። ቮልዩሙን ሳይነካ ቢያቀያይራቸው የኛ ይጎላል፤ የጎላ ደግሞ የተሻለ ይመስላል። በዚህ ተደስቶ የገዛ ሰው በወሩ ቀዝቅዞ ይመልሳል። ሌላም አለ፤ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ 3 ኦም ድረስ የሚወርድ ስፒከር ላይ ትንሽ አምፕሊፋየር ይሞቃል፣ ድምፁም ይሻክራል፤ ስሙ የሚጠፋው ግን ስፒከሩ ነው። ስለዚህ ዕቃው ከመጫኑ በፊት አንድ ሰው መለኪያ ማይክሮፎን ይዞ ቤቱን አይቶ ይምጣ። ክፍሉን ይለካ፣ አምፕሊፋየሩን ይመልከት። ማይክሮፎኑ እኔ ጋ አለ።

ገንዘብ ያዥ፦ ይህንንስ ካዝናው ይችለዋል።

ጠጋኙ፦ ከሄዱ ወለሉንም ያዩታል። ተስማምቻለሁ።

ጥልቅ ባስ፦ ትናንት ተናድጄ ነበር። ባለ አምፖሉ፣ ይቅር በለኝ። ልኬቱ ደህና ሐሳብ ነው። ባሱን ከሚያወጣው ዉፈር እስከ ኋላው ግድግዳ ያለውንም ርቀት ያዙ፤ 1 ሜትር ከሆነ 86 ኸርዝ አካባቢ ድምፁ ይጎድላል። ትንሽ ወደፊት ሳብ ወይም ወደኋላ ገፋ ማድረግ ብቻውን ብዙ ይለውጣል።

ባለ አምፖሉ፦ ይቅር ለእግዚአብሔር። ሳብ ገፋ ለማድረግ ግን ሹሉ አይመችም።

ጥልቅ ባስ፦ እሱን ተወው አሁን።

ሰብሳቢ፦ ረቂቅ 4። ከማንኛውም ሙከራ በፊት የቤት ልኬት ይደረጋል፤ ኃላፊዋ አዲሷ አባል ናት። ማኅበሩ ደረጃ የሚወጣ ጋሪ ይገዛል። ለጊዜው ወደ ቤት የሚሄደው አንዱ ከ40 ኪሎ ያልበለጠ፣ ሁለት ሰው የሚያነሣው ስፒከር ነው፤ በጎማ እግር። ትልልቆቹ መኪናና ኢንሹራንስ እስኪገኝ ይቆዩ። መያዣው በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል።

ጥልቅ ባስ፦ አምና የከሰርነው እኮ በትልልቆቹ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ አውቃለሁ። የጋሪውን መዋጮ እስከ ሰኞ አስገቡ።

ጠጋኙ፦ ከመገዛቱ በፊት የጋሪውን ጎማ ልየው። ጥቁር ጎማ ፓርኬ ላይ ምልክት ይተዋል።