አርክቲክ መንኪስ ጊታሩን ለምን ወደ ኋላ አደረገው?

ጥያቄ
አርክቲክ መንኪስ የተባለውን የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ያወቅሁት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው «ኤኤም» በተሰኘው አልበም ነው። ከባዱን ጊታርና የሂፕ ሆፕ ጠረን ያለውን የከበሮ ምት እጅግ ወድጄው ስለነበር፣ የ2018ቱን «ትራንኩዊሊቲ ቤዝ ሆቴል ኤንድ ካዚኖ» በጉጉት ስከፍተው ጊታሩ ሸሽቶ ፒያኖ ፊት ወጥቶ አገኘሁት። በዚህ መጠን የተለወጡት ለምን ይሆን? ደጋግማችሁ ያዳመጣችሁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1
ዋናው ምክንያት ዜማው የተደረሰበት መሣሪያ መለወጡ ይመስለኛል። ድምፃዊውና ደራሲው አሌክስ ተርነር ለ30ኛ ዓመት ልደቱ ከሥራ አስኪያጁ የስታይንዌይ ፒያኖ ተበርክቶለት ነበር፤ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ቤቱ አዲሶቹን ዘፈኖች መድረስ የጀመረውም በዚሁ ፒያኖ ነው። በጊታር የሚደርስ ሰው ብዙ ጊዜ አጭርና ተደጋጋሚ ሐረግ ይዞ ሲነሣ፣ ፒያኖ ላይ የተቀመጠ ግን አንዱን ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ) ከሌላው እያያያዘ ዜማውን ወዳላሰበው አቅጣጫ ሊወስደው ይችላል። በአልበሙ ውስጥ ጎልቶ የሚመለስ አዝማች የሚያንሰው፣ ግጥሙም ጨረቃ ላይ ባለ ምናባዊ ሆቴል የተቀመጠ ሰው ለብቻው የሚያወራው እስኪመስል የሚረዝመው ከዚህ የተነሣ ነው ብዬ አምናለሁ። አልበሙ ከመውጣቱ በፊት አንድም ነጠላ ዜማ አልለቀቁም፤ ሥራው ከዳር እስከ ዳር እንዲደመጥ መፈለጋቸው ግልጽ ነው።

መልስ 2
በዚህ ብስማማም ለውጡን የአንድ ፒያኖ ውጤት ብቻ አድርጎ ማየት ይከብደኛል። በ2002 ሸፊልድ ውስጥ የተመሠረተው ባንድ የ2006ቱን የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ዘፈኖቹ ስለ ጭፈራ ቤትና ስለ ታክሲ ጉዞ እየተጣደፉ የሚተርኩ ነበሩ። በ2009 በወጣው «ሃምበግ» አልበም ግን ከአሜሪካዊው የሮክ ሙዚቀኛ ጆሽ ሆሚ ጋር ካሊፎርኒያ በረሃ ገብተው ሲቀርጹ ምቱ ረገበ፣ ድምፁም ጨለም አለ። ያን ጊዜም ቅር የተሰኙ አድማጮች ነበሩ። እንዲያውም ያለ «ሃምበግ» የ«ኤኤም» ከባድ ጊታር ባልተወለደ ነበር።

መልስ 3
የጠያቂያችን ቅሬታ ግን መናቅ የለበትም። ቀድሞ ከበሮውን እንደ በረዶ ያወርደው የነበረው ማት ሄልደርስ በ2018ቱ ሥራ ራሱን ገትቶ ነው የሚጫወተው፤ እኔም ያ ጉልበት ይናፍቀኛል። ሆኖም በጥሩ ማዳመጫ የቤዝ ጊታሩን (የወፍራም ድምፁን ጊታር) መስመር ብቻ እየተከተሉ አንድ ጊዜ ቢያዳምጡት፣ ጊታሩ የለቀቀውን ቦታ ማን እንደያዘው ይሰማዎታል። ከዚያ በ2022 ወደወጣው «ዘ ካር» ይለፉ፤ በዚያ ደግሞ ቫዮሊንና ሌሎች የገመድ መሣሪያዎች በሰፊው ገብተዋል።