ለተማሪዬ መልስ አጣሁላት

ደሴ ውስጥ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ማኅበራዊ ውል ሳስረዳ ቅሬን፣ ማለትም የሰፈር ዕድራችንን፣ ምሳሌ አደረግኩ። መዋጮ እንከፍላለን፣ ለቅሬው ዳኛ (ለመሪው) ሥልጣን እንሰጣለን፣ እሱም መዝገቡን ገልጦ ያሳየናል። ካላሳየን እናወርደዋለን። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክም የመንግሥት ሥልጣን አደራ ነው ይላል።

ከኋላ ወንበር አንዷ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ስልካችንን በድብቅ የሚያዳምጥ ካለስ? መዝገቡን ማን ያሳየናል?» ይህን ስትል ስልኳን ገልብጣ ደብተሯ ሥር ከተተችው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ማታ ሕገ መንግሥቱን ገለጥኩ። አንቀጽ 26 በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የምናደርገው ግንኙነት አይደፈርም ይላል። ገደብ የሚፈቀደው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በዝርዝር ሕግ ብቻ ነው። አንቀጽ 12 ደግሞ ባለሥልጣን ተጠያቂ ነው ይላል። ጥሩ። ግን ስልኩ መጠለፉን የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይከሳል?

የማውቀውን ጠበቃ ጠየቅኩ። «ማስረጃ ይዘህ ና» አለኝ። ማስረጃው እኮ ያለው አዳማጩ እጅ ነው! በጀርመን ክትትሉ ካበቃ በኋላ፣ ዓላማውን የማይጎዳ ከሆነ፣ ለሰውየው ይነገረዋል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም ይህንን የጀርመን ሕግ በ1978 እ.ኤ.አ. ሲመረምር፣ ሰው መጠለፉን ማረጋገጥ ባይችልም አቤት የሚልበት ሁኔታ እንዳለ ተቀብሏል።

ማክሰኞ ልጆቹ ይጠብቁኛል። የሕግ ሰዎች፣ እኛ ሀገር ክትትሉ ሲያበቃ ለሰውየው እንዲነገረው የሚያስገድድ አንቀጽ የትኛው አዋጅ ላይ አለ?