የጂፕሰም ቀመር ላይ ያለችው ነጥብ ትባዛለች ወይስ ትደመራለች?

የሳቢያን ልጅ፦ ሰላም ከድሬ! ታናሽ እህቴን ኬሚስትሪ እያስጠናኋት ነው። የጂፕሰምን ሞላር ማስ (የአንድ ሞል፣ ማለትም የተወሰነ የቅንጣት ብዛት፣ ክብደት በግራም) ፈልጉ ይላል። አንድ ካልሲየም፣ አንድ ሰልፈር፣ አራት ኦክስጅን፤ ከዚያ ነጥብ፣ ከዚያ ሁለት ውሃ። እሷ ነጥቧን ማባዣ ብላ 4,905 አወጣች። ቁጥሩ አልተዋጠልኝም። አቦ እስቲ አስረዱን።

መምህር ከሐረር፦ ጥርጣሬህ ልክ ነው። ነጥቧ የምትለው ውሃው ክሪስታሉ ውስጥ አብሮ አለ ነው። ስለዚህ ደምር። ካልሲየም 40.08፣ ሰልፈር 32.06፣ አራቱ ኦክስጅን 64.00፤ ድምሩ 136.14። አንድ ውሃ 18.016 ነው፣ ሁለቱ 36.03። ጠቅላላ 172.17 ግራም በሞል። ከውሃው ፊት ያለው 2 ኦክስጅኑንም ያባዛል። ተማሪዎቼ ሃይድሮጅኑን ብቻ አባዝተው ሲያልፉ በጣም ያሳዝነኛል፣ የደከሙበት ሁሉ እዚያ ላይ ይበላሻል።

ጀሶ ሠሪ፣ ከዚራ፦ መምህር፣ እኔ የምሠራበት ጀሶም ከዚሁ ድንጋይ ነው የሚወጣው። ውሃ ስንጨምርበት ይሞቃል፣ ወዲያው ይደርቃል። ክብደቱ ያው ነው?

መምህር ከሐረር፦ አይደለም ወንድሜ። ጂፕሰሙ ሲጠበስ ከሁለቱ ውሃ ሦስት አራተኛው፣ ማለትም አንድ ተኩሉ ይተናል፣ የአንድ ውሃ ግማሽ ብቻ ይቀረዋል። 136.14 ላይ 9.01 ስትደምር 145.15 ይመጣል። አንተ ስታቦካው የወጣውን 27.02 ግራም መልሶ ይጠጣል፣ ሙቀቱም ከዚያ ነው። የሳቢያን ልጅ፣ ይህንንም ለእህትህ ስጣት፦ ከ100 ግራም ጂፕሰም ስንት ግራም ጀሶ ይወጣል?

የሳቢያን ልጅ፦ 84.3 አለች!